አርባ ሳንቲም ግድግዳ፦ ድሬዳዋ ላይ የጭቃ ክፍል ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም 22

ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እማዬ በምትተኛበት ክፍል ቴርሞሜትር ሰቅዬ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። 36 ዲግሪ። በሩም መስኮቱም ክፍት ነው፣ ማራገቢያውም ይዞራል፤ የሚያዞረው ግን ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ደግሜ አየሁ። ደጁ ቀዝቅዟል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወንበር አውጥቶ ይጫወታል፤ ውስጡ ገና 33 ነው።

ክፍሉ በ15 ሳንቲም ብሎኬት የተሠራ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ሙቀቱ ሲጠና እማዬ ፍራሿን በረንዳ ላይ ታወጣለች። ድሬ ውስጥ ደጅ ማደር የተለመደ ነው፤ እሷ ግን 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሌሊት ትንሽ ካካፋ ፍራሽ ተሸክማ መግባት አለባት።

ከቤቱ ጀርባ ባለው ቦታ ላይ 4 በ5 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ልሠራላት ወስኛለሁ። ግድግዳው 40 ሳንቲም ውፍረት ያለው የጭቃ ጡብ፣ ከሥሩ ድንጋይ፣ እንጨቱና ቆርቆሮው ከፈረሰ ቤት። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀትሩን ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ሙቀቱ ከውጭው ፊት ተነስቶ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ እስኪዘልቅም ይመሻል፣ ያኔ መስኮት ከፍቶ ማስወጣት ነው። የከዚራ ሰፈርን አሮጌ ቤቶች ያየ ይህን አያጣውም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ወዲህ የተሠሩት ቤቶች ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያና ጥላ ያለው በረንዳ አላቸው። ያኔ ማራገቢያ የለም፤ ሙቀቱን የሚከላከለው የቤቱ አሠራር ነበር። እኛ ሙቀቱ ሳይቀንስ ግድግዳውን አሳሳነው።

እኔ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ እንጂ ግንበኛ አይደለሁም። የምሠራው ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ ነው። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አግኝቻለሁ፤ በወጣትነታቸው በሐረር መንገድ ላይ ባሉት መንደሮች የድንጋይና የጭቃ ቤት ሲሠሩ የኖሩ። ታናሽ ወንድሜና ሁለት የሰፈር ጎረምሶች አብረው አሉ። ጎረምሶቹ ሽማግሌውን እንደ ድሬ ወግ "አንተ" ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። አባቴ የደሴ ሰው ነበርና እኔን በ"እርስዎ" ነው ያሳደገኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ።

መስከረም 24

የጭቃ ክፍል መሆኑን ስነግራት እማዬ ተቆጣች። መጀመሪያ የይሉኝታ ጉዳይ መስሎኝ ነበር፤ ሰው ብሎኬት ሲሠራ እኛ ጭቃ፣ የሚል። አልነበረም። "ደቻቱ የወሰደው የምን ቤት ነበር?" አለችኝ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። 12 ዓመቴ ነበር። ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ሲባል ውሃ ይመስለዋል፤ ደቻቱ ከዓመት እስከ ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው በላዩ ይሻገራል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ዝናቡ የወረደው ከላይ ከደጋው ነው፤ ውሃው ግን በሌሊት እኛ ላይ ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የእኛ ቤት ከወንዙ ዳር ብዙ የማይርቅ፣ በጭቃ የተመረገ የእንጨት ቤት ነበር። እማዬ ወንድሜን አዝላ እኔን በእጄ ጎትታ ወጣች። ስንመለስ ግድግዳው በነበረበት ቦታ ደለል ብቻ ነው ያገኘነው። የአባቴ ፎቶ፣ የልደት ወረቀታችን፣ ምኑም የለም።

ስለዚህ "ጭቃ ምንም አይሆንም" ብዬ ልከራከራት አልችልም። አሁን የምንኖርበት ሰፈር ከወንዙ የራቀና ከፍ ያለ ነው። ይህን ነገርኳት። "ውሃ ከሰማይም ይመጣል፣ ከመሬትም ይመጣል" አለችኝ። ልክ ናት። ሥራው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

መስከረም 29

የአፈር ፈተና። ግቢያችን ውስጥ ያለው አፈር አሸዋማ ነው፤ ጎርፍ ያመጣው ደለል። ከደንገጎ በኩል ለሌላ ሥራ ከመጣ ቀይ አፈር ደግሞ ሁለት ማዳበሪያ ለመንኩ። ሁለቱንም በየሃይላንድ ላስቲኩ ሩብ ሩብ ሞልቼ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምሬ፣ በደንብ አናውጬ አሳደርኩ። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ሥር ይቀመጣል፣ ልሙ ደቃቅ ከላዩ፣ የሚያጣብቀው ሸክላ መጨረሻ ላይ። በማግስቱ በማስመሪያ ለካሁ። የግቢው አፈር ከአራት እጅ ሦስቱ አሸዋ፣ ሸክላው ከጣት ጥፍር አይበልጥም። ቀዩ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሸክላ ነው።

ብቻውን አንዱም አይሆንም። አሸዋ የበዛበት ጡብ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል፤ ሸክላ የበዛበት ሲደርቅ ይሸማቀቅና ይሰነጠቃል። ለጡብ የሚፈለገው ሸክላ ከመቶ ከ15 እስከ 30 ግድም ነው። ሁለት እጅ የግቢውን፣ አንድ እጅ ቀዩን አደባለቅሁ።

ሽማግሌው ላስቲኮቹን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከድብልቁ ጨብጠው በውሃ ለወሱ፣ በመዳፋቸው እንደ እባብ አሹት፣ ከጣታቸው ላይ አንጠለጠሉት። አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ ተቆረጠ። "ይቺ ናት ዾቄ" አሉ፤ ጭቃ ማለታቸው ነው፣ በኦሮምኛ። የእኔ ማስመሪያና የእሳቸው መዳፍ አንድ መልስ ሰጡ፤ የእሳቸው አንድ ደቂቃ ነው የፈጀው።

ጥቅምት 3

ያለፈው ሳምንት አሥር የሙከራ ጡብ ሠርተን ነበር። ዛሬ አንዱን ደረቅ ጡብ በልብስ ማጠቢያው ሳህን ውስጥ አቆምኩት፣ ውሃውን እስከ ግማሹ። እማዬን ጠራኋት። አብረን ተቀምጠን አየን። መጀመሪያ አረፋ አወጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከሥሩ መሟሟት ጀመረ። 40 ደቂቃ ሳይሞላ ከውሃው በላይ የነበረው ደረቁ ግማሽ ወደ ጎን ተዘንብሎ ወደቀ።

"አየሽ" አለች። አየሁ። ጎርፍ የጭቃ ቤትን የሚጥለው ግድግዳውን ገፍቶ ብቻ አይደለም፤ እግሩን በልቶ ነው። ላዩ ደረቅና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሥሩ አይሸከመውም።

ማታ ንድፉን ቀየርኩ። 30 ሳንቲም የነበረው የድንጋይ እግር 60 ሳንቲም ሆነ። ክፍክፋቱም ከግድግዳው 70 ሳንቲም ይወጣል።

ጥቅምት 6

ኖራ። ውሃ ያልነካው ነጭ ድንጋዩ በማዳበሪያ መጣ። በግቢው ጥግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረን በላስቲክ አለበስነው። ውሃ ሞላንና ኖራውን ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ጨመርን። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ውሃን በኖራ ክምር ላይ ማፍሰስ አደገኛ ነው፣ ፈልቶ ይረጫል። ጉድጓዱ ተንተከተከ፣ እንፋሎት አወጣ፣ ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያይ ነበር። ወንድሜ መነጽሩን ለአፍታ አውልቆ ላቡን ሲጠርግ ጠብታ ቅንድቡ ላይ አረፈችበት። ቶሎ በብዙ ውሃ ስላጠብነው ዓይኑ ተረፈ፤ ቆዳው ግን ቀልቷል። ማንም ሰው ያለ መነጽርና ያለ ጓንት ወደ ኖራ አይጠጋ።

ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ የምጽፈው ነገር እዚህ ግቢ ውስጥ ሆነ። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይለቃል፤ በውሃ ሲበርድ ነጭ ቅቤ ይሆናል፤ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ከአየሩ ያንኑ ጋዝ መልሶ እየወሰደ ድንጋይ ይሆናል። ድሬ ውስጥ የሚኖር ይህን ድንጋይ በቤቱ ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው፣ በየጊዜው የምንፍቀው ነጭ ነገር ከዚሁ ወገን ነው።

ጉድጓዱን ከላይ ሁለት ጣት ውሃ አስተኝተን ከደንነው። እየቆየ ይሻላል እንጂ አይበላሽም።

ጥቅምት 11

መጋላ ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት እየፈረሰ ነው፤ ፎቅ ሊሠራበት። ባለቤቱ ፍርስራሹን አውጥቶ ለመጣል መኪና ሊከራይ ሲል ደረስን። ድንጋዩን፣ ሁለት በር፣ ሦስት መስኮት ከነመቃናቸው፣ አሥራ አራት ወራጅና 30 ያህል ቆርቆሮ ገዛሁ። ከዕቃው ዋጋ የአይሱዙው ኪራይ ይበልጣል።

ሁለት ቀን ሙሉ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ቆሜ የማፍረሱን ሥራ አየሁ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትምህርት አላገኘሁም። ያ ቤት በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው። ሠራተኛው ዶማውን በመጋጠሚያው ሲያስገባና ሲያላቅቅ ድንጋዩ ሙሉውን፣ ጠርዙ ሳይነካ ይወጣል። መጀመሪያ የጠረበው ሰው እንዳስቀመጠው ነው ያለው። ኋላ የተጨመረችውና በሲሚንቶ የተገነባችው ኩሽና ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሲሚንቶው ከድንጋዩ ይጠነክራል፤ በመዶሻ ሲመታ የሚሰበረው ድንጋዩ ነው። ከዚያች ኩሽና አንድ ጋሪ የሚሞላ ጤነኛ ድንጋይ አልወጣም።

ሽማግሌው ይባስ ብለው ከድንጋዩ መካከል የወደቀውን አሮጌ ጭቃ በማዳበሪያ እንድንሞላ አዘዙ። "እሱም?" አልኳቸው። "ወንፊት፣ ውሃ፣ ሌሊት ይደር። ጠዋት አዲስ ነው" አሉ። ያልተተኮሰ ጭቃ እንደዚያ ነው፤ መቶ ዓመት ደርቆ ቢቆይ ውሃ ሲያገኝ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ማጠቢያው ሳህን ውስጥ ያስደነገጠኝ ጠባዩ እዚህ ጋ መልካም ሆነ። በጭቃ የተገነባ ቤት ተመልሶ ይፈታል፣ የፈታውም ሰው ሌላ ቤት ይሠራበታል። እማዬን ደውዬ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። ለእሷ "ይፈታል" ማለት ሌላ ነገር ነው።

አንድ ጎረምሳ የሐዲድ ብረት በርካሽ የሚያመጣ ሰው እንደሚያውቅ ነግሮኝ ነበር፣ ለጉበን ይሆናል ብሎ። አልፈልግም አልኩ። የባቡር ንብረት የሕዝብ ንብረት ነው፤ የፈረሰ ዕቃ ማለት ባለቤቱ የሸጠልህ ነው።

ጥቅምት 27

እግሩ ቆመ። ከመሬት በታች 60 ሳንቲም ቆፍረን ሥሩን በጠጠር፣ ከዚያ በላይ በትልልቅ ድንጋይ ያለ ማጣበቂያ አጠጋጋን። ምክንያት አለው። ኖራ የሚጠነክረው በአየር ነው፤ አፈር ውስጥ ተቀብሮ አይጠነክርም። በጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ደግሞ ውሃውን ወደ ታች ያሳልፋል፣ እንደ ክር ወደ ላይ እንዲሳብ አይፈቅድለትም። ከመሬት በላይ ያለው 60 ሳንቲም በኖራና በደቻቱ አሸዋ ተገነባ፣ አንድ ለሦስት። ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ እያርከፈከፍን በጆንያ ሸፍነነዋል።

ሽማግሌው ውሃ ልክ አይወዱም። ሲባጎ ይወጥራሉ፣ ቱምቢ ያንጠለጥላሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በኋላ በውሃ ልክ ስፈትሽ በአምስት ሜትር ላይ የአንድ ጣት ልዩነት እንኳ አላገኘሁም።

ኅዳር 9

ጡብ፣ ጡብ፣ ጡብ። ፎርማው 40 በ20 በ12 ሳንቲም ነው፤ ደርቆ አንዱ 16 ኪሎ ግድም ይመዝናል። የግድግዳውን ስፋት ከነመጋጠሚያው አስልቼ በርና መስኮት ስቀንስ 1,480 ያህል ይፈልጋል፤ ለሚሰበረው ጨምሬ 1,650 ይዣለሁ። ጎረምሶቹ በቀን ከመቶ እስከ መቶ ሃያ ያወጣሉ። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ነው የሚሠራው። ከቀትር በኋላ ድሬ ውስጥ ማንም አይሠራም፤ ሱቁም ይዘጋል፣ እኛም እንዘጋለን። ለበርጫቸው ሰዓት ማንም እንዲከራከራቸው አይፈልጉም፣ እኔም አልተከራከርኩም።

ጭቃው የሚቦካው ከማታው ነው። በጋሪ ነጂዎች ማረፊያ የሚገኘውን ጭድ በስንዝር ልክ ቆርጠን እንጨምርበታለን፤ ጭዱ ጡቡን የሚያስረው ክር ነው፣ ሲደርቅም እኩል እንዲሸማቀቅ ያደርገዋል። በእግር ይረገጣል። እማዬ ከመስኮት ሆና ስታይ ቆይታ በሦስተኛው ቀን "ጭዱ አነሰ" ብላ ጮኸች። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ምርግ ረግጣለች ለካ፤ ነግራኝ አታውቅም ነበር። ጭድ ጨመርን።

የመጀመሪያዎቹ ዘጠና ጡቦች ጠፉ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቶሎ ይድረቁ ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ላያቸው ቀድሞ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለቀረ በመሃላቸው ተሰነጠቁ። አሁን መጀመሪያ ሦስት ቀን በአሮጌ ሸራ ጥላ ሥር እናቆያቸዋለን፣ በአራተኛው ቀን በጎናቸው እናቆማቸዋለን፣ ከዚያ አየር በሚያስገባ ክምር አንድ ወር። የተሰነጠቁትን መልሰን ዘፈዘፍናቸው። የባከነው ጉልበት ብቻ ነው።

ኅዳር 26

1,210 ጡብ ደረስን። ዛሬ አንድ ፍየል ክምሩ ላይ ወጥታ ስምንት ሰበረች።

ታኅሣሥ 5

ሐረር ሄድኩ፣ ሽማግሌውን ይዤ። ከድሬ 50 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል፤ ደንገጎን ሲወጡ መስኮት መክፈት ይቻላል፣ አወዳይ ሲደርሱ ሹራብ ያስፈልጋል። ድሬ በ1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል። ስለዚህ የሐረር ቤት ለድሬ ሙቀት አልተሠራም፤ እኔ ለማየት የፈለግኩት ግድግዳውንና መደቡን ነው።

ጀጎል ውስጥ ለጎብኚ ክፍት የሆነ አንድ የሐረሪ ቤት ገባን። ጌይ ጋር ይሉታል። ግንቡ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ላዩ በኖራ የነጣ። ዋናው ክፍል ውስጥ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ነው ስማቸው። ከፍ ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ ያለው። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ማስታወሻ ነው ይባላል። መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ግድግዳው ከመዳፌ ይቀዘቅዛል።

እዚያ የቆየሁት ለአንድ ሰዓት ነው፣ ግን ሳልናገር አላልፍም። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም የሚንቀሳቀስ የቤት ዕቃ አላስፈለገም። መቀመጫው፣ መደርደሪያው፣ የዕቃ ማስቀመጫው ሁሉ ከግድግዳው የወጣ ነው። ቤቱን የሠራው ሰው ሰው የት እንደሚቀመጥ አስቦ ነው የጀመረው።

ወጥተን በአንዲት ጠባብ መንገድ ስናልፍ ሽማግሌው አንድ ግድግዳ ላይ ቆሙ። አሮጌ ግንብ ነው፤ በቅርብ ጊዜ በሲሚንቶ ተለስኗል። ልስኑ እንደ ፊኛ አብጧል። በጣታቸው ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ሰጠ። የጭቃ ግንብ ከመሬትና ከዝናብ የጠጣውን እርጥበት በፊቱ በኩል ማስወጣት አለበት፤ ሲሚንቶ ያን በር ይዘጋበታል፣ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይላላል፣ ልስኑ ከነሽፋኑ ይወድቃል። ኖራ ያስተነፍሰዋል። ሽማግሌው ያሉኝ ግን አጭር ነው፦ "አፉን ይዘው ነው የገደሉት።"

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዝገቡ ብቻውን ግን ግድግዳ አይለስንም።

ታኅሣሥ 22

ግድግዳው በሰው ወገብ ልክ ደርሷል። በቀን ከአምስት ረድፍ በላይ አንሄድም፤ እርጥብ ጭቃ ላይ ብዙ ክብደት ከጫኑበት ይጨመቃል። ማጣበቂያችን ያው የጡቡ ጭቃ ነው፣ በወንፊት የተነፋ፣ ከመጋላው ቤት የመጣውም ገብቶበታል።

እማዬ መደብ ትፈልጋለች። ሐረር ያነሳሁትን ፎቶ ሳሳያት ዝም ብላ ቆየችና "ከመስኮቱ ሥር፣ እግሬን የምዘረጋበት" አለች። በ45 ሳንቲም ከፍታ ከግድግዳው ጋር አብረን እየገነባነው ነው።

ጥር 14

ጥምቀት አልፎ ተመለስን። ጉበኖቹ ተቀመጡ፤ ከመጋላው ቤት ወራጅ ሁለት ሁለቱን አጣምረን፣ በየጎኑ 30 ሳንቲም ግድግዳው ውስጥ አስገብተን። ከጉበኑ በላይ ቤቱን ዙሪያውን የሚያስር የእንጨት መቀነት ዘረጋን፣ በማዕዘኖቹ ተነክሶ በወፍራም ሚስማር የተያዘ። ይህን ሽማግሌው ትርፍ ነው ብለው ነበር። እኔ ግን አልለቀቅኩም። ድሬ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ሥር ያለች ከተማ ናት፣ መሬቱ የሚንቀጠቀጥበት አገር ነው። ከባድ የጭቃ ግድግዳ ሲናጥ መጀመሪያ የሚከፈተው በማዕዘኑ ነው።

ግድግዳ ውስጥ የሚገቡትን የእንጨት ጫፎች ከጋራዥ ባመጣነው የተቃጠለ ዘይት ነክረናቸዋል፣ ለምስጥ። ክፍሉ ውስጥ የሚታየውን እንጨት ግን አልቀባሁም፤ ሽታው ከሰው ጋር አብሮ አይኖርም።

የካቲት 2

ጣሪያ። የ12 ሳንቲም አጣናዎችን በየ50 ሳንቲሙ ደረደርን። በላያቸው በሲባጎ የተጠለፈ የማሽላ አገዳ፣ በአገዳው ላይ ጭድ የበዛበት ቀላል ጭቃ፣ 5 ሳንቲም ውፍረት። ይህ ኮርኒሱ ነው። ከዚያ በላይ አንድ ክንድ ክፍተት ትተን ቆርቆሮው ተዘረጋ፤ ክፍተቱ በሁለቱም ጫፍ በወንፊት ሽቦ ብቻ ተዘግቷል፣ ከቆርቆሮው ሥር የሚግለው አየር በዚያ ይወጣል። ሐረርጌ ውስጥ ማሽላ የሌለበት ቤት የለም፤ አገዳውን ከከብትና ከምድጃ ተሻምተን ነው ያገኘነው።

አሮጌው ቆርቆሮ የቀድሞ ሚስማር ቀዳዳ አለው። ጥሩዎቹን መርጠን ቀዳዳው ከሸንተረሩ ጉብታ ላይ እንዲውል አድርገናል። ለእያንዳንዱ ሚስማር ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ክብ ጎማ። ወንድሜ አራት መቶ ያህል ቆረጠ፣ ሁለት ምሽት ሙሉ፣ ቴሌቪዥን እያየ።

የካቲት 19

ልስን። ከውስጥ ጭቃ፣ አሸዋና በደቃቁ የተቆረጠ ጭድ፤ ከዚያ የነጣ ኖራ። ከውጭ ከጥቅምት ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ የቆየው ኖራ አንድ ለሦስት ከአሸዋ ጋር፣ በሁለት ድርብ። ከመለሰናችን በፊት የጭቃውን ፊት በመጥረጊያ ቧጭረን ውሃ አርከፈከፍንበት፤ ደረቅ ግድግዳ የኖራውን ውሃ መጥጦ ያደርቀውና ዱቄት ያደርገዋል።

ለዝናቡ ፊት ለሚቆመው ግድግዳ የመጨረሻውን ቅብ በቁልቋል ውሃ ነው የበጠበጥኩት። ፍሬውን ቲኒ ብለን የምንበላው ቁልቋል ነው፤ ቅጠሉን ከትፈው ለሁለት ቀን ሲዘፈዝፉት የሚያዳልጥ ወፍራም ውሃ ይወጣዋል። ኖራው ውስጥ ሲገባ ቶሎ እንዳይደርቅና ውሃ እንዳይጠጣ ያግዘዋል። በሌላ አገርም የታወቀ ዘዴ ነው። አንዱን ግድግዳ በተራ ውሃ፣ አንዱን በቁልቋል ውሃ ቀብቻለሁ፣ ልዩነቱን ለማየት።

መጋቢት 10

ሌሊት ዘነበ። ነፋስ ያለው ከባድ ዝናብ፣ የበልግ መግቢያ። 9 ሰዓት ተኩል ሌሊት ላይ ባትሪ ይዤ ስወጣ እማዬ ቀድማኝ ቆማለች፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እጇን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ። ምንም አልተባባልንም።

ጠዋት ያየሁትን እጽፋለሁ። ኮርኒሱ በአንድ ቦታ ረጥቧል፤ አንዱ የቆየ ቀዳዳ አምልጦናል። በሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን ከቆርቆሮው የወረደው ውሃ መሬቱን መትቶ ወደ ላይ ተረጭቷል፤ ጭቃው እስከ 40 ሳንቲም ከፍታ ድንጋዩን አቆሽሾታል። ያኔ ባሰብኩት 30 ሳንቲም ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ጡቡ ላይ ነበር የሚያርፈው። የቁልቋሉ ግድግዳ ላይ ውሃው ተንጠባጥቦ ወርዷል፤ በተራ ውሃ የተቀባው ጠቆር ብሏል፣ ጠጥቷል ማለት ነው፣ እስከ እኩለ ቀን ግን ደርቆ ነጣ። ጡቡ የትም አልተነካም።

ከክፍክፋቱ ሥር ዙሪያውን ጠጠር ልናለብስ ነው፣ ውሃው ሲወድቅ እንዳይረጭ።

ግንቦት 6

ደጁ በጥላ ሥር 35። የብሎኬቱ ክፍል በ9 ሰዓት 37፣ በምሽቱ 3 ሰዓት 34። የጭቃው ክፍል በ9 ሰዓት 29፣ በምሽቱ 3 ሰዓት 30። ሌሊት መስኮቶቹን ሁለቱንም ከፍተን አሳደርናቸውና ንጋት 12 ሰዓት ላይ 26 ነበር። መስኮቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ካልተዘጋ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ሰኞ ረስቼው ቀትር ላይ 32 ገብቶ አገኘሁት።

እማዬ አልጋዋን ካስገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። በረንዳ ላይ አልወጣችም። ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ እግሯን ዘርግታ ቡና ታፈላለች፣ ጎረቤቶችም ሙቀቱን ሸሽተው እዚያ ይሰበሰባሉ።

የወረቀት ሳጥኗን ግን፣ ካርታውን፣ የእኛን የትምህርት ማስረጃ፣ በኋላ ከዘመድ ለምና ያስባዛችውን የአባቴን ፎቶ፣ ከብሎኬቱ ክፍል ቁም ሣጥን ላይኛው መደርደሪያ አላወረደችም። ትናንት ላምጣልሽ አልኳት። "እዚያው ይሁን" አለች።

ለክረምቱ ጠጠሩ ገና ሁለት ጋሪ ይጎድላል።